የቀለም ዕድሜ በሰዓት ይለካልን? ከዲላና ከጌዴኦ ግድግዳዎች አንጻር የቀረበ ሂስ

የቤት ቀለም በፀሐይና በዝናብ እንዴት እንደሚያረጅ ለመለካት በዓለም ላይ የተደነገጉ ዘዴዎች ብዙዎች ናቸው። ውጤታቸውም ብዙውን ጊዜ በአንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ተጠቃሎ ወደ አንባቢው ይደርሳል፤ ይኸውም «ይህ ቀለም በመሣሪያ 1000 ሰዓት ተፈትኖ አልፏል» የሚል ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንፈልገው ይህንኑ አነጋገር ነው። ሰዓቱ በትክክል መቈጠሩን አንጠራጠርም። ነገር ግን ይህ ቍጥር በዲላ ከተማ በዋናው መንገድ ዳር ስለ ቆመ ግድግዳ፣ ወይም በይርጋ ጨፌ አጠገብ በእንሰትና በቡና መካከል ስለ ተሠራ ቤት ምን ያስረዳናል? ብለን እንጠይቃለን።

ጥያቄው ለኬሚስትሪ ተማሪዎች ብቻ የሚተው አይደለም። አንድ ቤተሰብ ቤቱን ለማስቀባት የሚያወጣው ገንዘብ በቡና ገበያ ከሚያገኘው ላይ የሚቀነስ ነው፤ ቀለሙ በሁለተኛው ዝናብ ቢላጥ ገንዘቡ አብሮ ተላጠ ማለት ነው። ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ፤ ካረጀ ቀለም የሚረግፈው ዱቄት በሕፃናት እጅና አፍ የሚገባ ስለ ሆነ፣ የቀለምን እርጅና መለካት የጤና ጉዳይም ነው። ስለዚህ አስተያየታችንን ከመጀመሪያው ገልጠን እንናገራለን። እርጅና የቀለሙ ብቻ ጠባይ አይደለም፤ ቀለሙ፣ ቀለሙ የተቀባበት ነገርና ቦታው አንድ ላይ የሚያመጡት ውጤት ነው። የመሣሪያው ሰዓት ቀለምን ከቀለም ለማወዳደር ይረዳል፤ የቀለምን ዕድሜ ለመተንበይ ግን በቂ አይሆንም። የጌዴኦን ግድግዳ የሚመለከት ፍርድ ከጌዴኦ በተገኘ ልክ ላይ መመሥረት አለበት።

1. የመለኪያዎቹ አመጣጥና ጥቅም

ሂስ ፍርደ ገምድል እንዳይሆን፣ የሚተቸውን ነገር ጥቅም አስቀድሞ መናገር ይገባል። ቀለምን በሥርዐት መፈተን የተጀመረው በሜዳ ላይ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዓመታት በአሜሪካ በሰሜን ዳኮታ የተቀቡ ሳንቃዎች በአጥር መልክ ተደርድረው ለፀሐይና ለበረዶ ይሰጡ ነበር። ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ ሞቃትና እርጥብ የሆነው የደቡብ ፍሎሪዳ አየር ለብዙው ዓለም መወዳደሪያ ሆነ። ይሁን እንጂ በሜዳ የሚደረገው ሙከራ ዓመታትን የሚጠይቅ ሆነ። ስለዚህ ጊዜውን ለማሳጠር የብርሃን ሣጥኖች ተፈጠሩ፤ አስቀድሞ የካርቦን ቅስት፣ በ1950ዎቹ የዜኖን መብራት፣ ከ1970ዎቹ ወዲህም አልትራ ቫዮሌት ጨረር የሚሰጥ የፍሎረሰንት መብራት በሥራ ላይ ዋለ።

ዛሬ በሰፊው ከሚሠራባቸው ዑደቶች አንዱ በኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ጂ 154 የተገለጸው ነው። በዚህ ዑደት ሰሌዳው 8 ሰዓት በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለጨረር ይሰጣል፤ ቀጥሎ መብራቱ ጠፍቶ 4 ሰዓት በ50 ዲግሪ ጤዛ ይወርድበታል፤ ከዚያም እንደ ገና ይጀመራል። የሰሌዳው ጕዳት የሚገመተው ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት አይ.ኤስ.ኦ. 4628 ብሎ ባወጣው ተከታታይ መመሪያ ነው፤ ክፍል 2 ማበጥን፣ ክፍል 3 ዝገትን፣ ክፍል 4 መሰንጠቅን፣ ክፍል 5 መላጥን፣ ክፍል 6 ዱቄት መልቀቅን ይመለከታል። እያንዳንዱ ጕዳት ከ0 እስከ 5 ቍጥር ይሰጠዋል፤ 0 ምንም አልተነካም፣ 5 እጅግ ተጐድቷል ማለት ነው።

የዚህ ሥርዐት ጥቅም ግልጽ ነው። ቀድሞ አንዱ «ጥሩ ነው»፣ ሌላው «መጥፎ ነው» ሲል የነበረውን ክርክር ሁሉ በአንድ ቋንቋ እንዲነገር አድርጓል። ሁለት ቀለሞች በአንድ ሣጥን፣ በአንድ ዐይነት ሰሌዳ፣ በአንድ ጊዜ ቢፈተኑና አንዱ ቶሎ ቢበላሽ፣ ያ እውቀት ነው። እኛም ይህንን አንክድም። የምንተቸው፣ ከዚህ ውድድር የተገኘው ቍጥር ከሣጥኑ ወጥቶ በዲላ ግድግዳ ላይ የዓመት ስሌት ሲሆን ነው።

2. ሰዓትና ዓመት

1000 ሰዓት 41 ቀን ከ16 ሰዓት ነው። ከላይ በተጠቀሰው ዑደት ከሄድን፣ ከዚህ ውስጥ ብርሃን ያለበት 667 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ይህ ጊዜ በሜዳ ስንት ዓመት ይሆናል? ለማለት አንድ ማባዣ ቍጥር የሚፈልጉ ብዙዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ማባዣ ግን ሊኖር አይችልም፤ ምክንያቱም መሣሪያው ብርሃኑንና ሙቀቱን ሲያፋጥን፣ ኦክሲጅንና ውኃ በቀለሙ ውስጥ የሚያልፉበትን ፍጥነት በዚያው መጠን አያፋጥንም። አንዱ ቀለም በብርሃን፣ ሌላው በውኃ የሚሸነፍ ከሆነ፣ በሣጥኑ የቀደመው በሜዳ ሊከተል ይችላል።

የነጭ ቀለምን ነገር እንደ ምሳሌ እንውሰድ። የዛሬው ነጭ ቀለም ንጣቱን የሚያገኘው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ከሚባለው ዱቄት ነው። ይህ ዱቄት አናታዝና ሩታይል የተባሉ ሁለት መልኮች አሉት። አልትራ ቫዮሌት ጨረር ሲያርፍበት ከውኃና ከኦክሲጅን ጋር ተባብሮ ኀይለኛ ቅንጣቶችን ያፈልቃል፤ እነዚህም ዱቄቱን የያዘውን ማያያዣ ይበላሉ። ማያያዣው ሲበላ ዱቄቱ ልቅ ይሆናል፤ ግድግዳውን ስንደገፍ ልብሳችን የሚነጣው በዚህ ምክንያት ነው። አናታዝ በዚህ ረገድ ከሩታይል ይልቅ እጅግ የከፋ ነው፤ ስለዚህ ለውጭ ግድግዳ የሚመረጠው ሩታይል ነው። ለዚህ ሥራ ብርሃንም ውኃም ያስፈልጋሉ። በሣጥኑ ውስጥ ብርሃንና ጤዛ በየ12 ሰዓቱ ይፈራረቃሉ። በጌዴኦ ግን ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሁለተኛው በመስከረምና በጥቅምት ይወርዳል፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ በአብዛኛው ደረቅ ነው። በደረቁ ጊዜ በግድግዳው ላይ የተከማቸውን ዱቄት የበልጉ ዝናብ አጥቦ ይወስደዋል። እንግዲህ ዱቄትን የሚለካ ሰው በየካቲት መጨረሻ ቢመጣ አንድ ቍጥር፣ በሰኔ መግቢያ ቢመጣ ሌላ ቍጥር ያገኛል። ሣጥኑ ጤዛ እንጂ የሚያጥብ ዝናብ ስለሌለው ይህንን ልዩነት አያሳይም።

ስለ ብረት የሚደረገው ሙከራ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ቢ 117 በተባለው ዘዴ የተቀባ ብረት በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ 5 ከመቶ ጨው ባለበት ጉም ውስጥ ሳያቋርጥ ይቈያል። ዲላ ከማናቸውም ባሕር በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የራቀች ናት። በዚህ አካባቢ ብረትን የሚፈትነው የባሕር ጨው ሳይሆን ረጅም እርጥበት ነው፤ በቡና ማጠቢያ ጣቢያዎችም ቡናው ሲብላላ የሚወጣው ጐምዛዛ ውኃ ነው። የዘዴው ባለቤቶች ራሳቸው የጨው ጉም ውጤት ብቻውን በተፈጥሮ አየር ስለሚሆነው ነገር እንደማይተነብይ አስጠንቅቀዋል። ማስጠንቀቂያው እያለ ቍጥሩን ብቻ መጥቀስ ከሊቃውንቱ ቃል ግማሹን ቈርጦ እንደ መጣል ነው።

3. የፀሐይ አቅጣጫ

በሜዳ የሚደረገው ሙከራም ቢሆን ከሌላ አገር እንዳለ ሊገለበጥ አይገባውም። የተለመደው አሠራር ሰሌዳውን በ45 ዲግሪ አጋድሞ ፊቱን ወደ ምድር ወገብ ማዞር ነው። ይህ ከምድር ወገብ ርቀው ለሚገኙ አገሮች የሚስማማ ነው፤ በእነዚያ አገሮች የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ወገን ትቆማለችና።

ዲላ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 6 ዲግሪ ከ24 ደቂቃ ገደማ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ ከመጋቢት 28 ቀን ገደማ እስከ ጳጉሜን መግቢያ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን በስተሰሜን፣ በቀረው ጊዜ በስተደቡብ ትሆናለች። በሰኔ 14 ቀን ገደማ ከአናት 17 ዲግሪ ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ 12 ቀን ገደማ ደግሞ 30 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ በ45 ዲግሪ የተጋደመ ሰሌዳ፣ ከቀጥተኛው የቀትር ጨረር በታኅሣሥ 97 ከመቶ፣ በሰኔ ግን 47 ከመቶ ብቻ ይቀበላል። ቤቱ ደግሞ እንዲህ አልተጋደመም። የሰሜን ግድግዳ በሰኔ ቀትር 29 ከመቶ፣ የደቡብ ግድግዳ በታኅሣሥ ቀትር 50 ከመቶ ያህል ይደርሰዋል፤ የምሥራቅና የምዕራብ ግድግዳ በቀትር ከጨረር ያመልጡና ፀሐይ ዝቅ ስትል በሙሉ ይመታሉ። ለጥ ያለ ጣራ ግን በሰኔ 96፣ በታኅሣሥ 87 ከመቶ፣ ማለት ዓመቱን ሙሉ ሊያመልጥ በማይችልበት ሁኔታ ይጋፈጣል።

ከዚህ ስሌት አንድ ሊፈተን የሚችል ግምት ይወጣል። የደቡብ ግድግዳ ቀትሩን የሚጋፈጠው በአብዛኛው በደረቁ ወራት ነው፤ የሰሜን ግድግዳ ግን ፀሐዩን የሚያገኘው ዝናብና ደመና በሚበዛበት ጊዜ ነው። እንግዲህ በአንድ ቤት፣ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ጣሳ የተቀቡ ሁለት ግድግዳዎች በአንድ ዐይነት አያረጁም ብለን እንጠብቃለን። «የቀለሙ ዕድሜ ይህን ያህል ነው» የሚል ሰው የትኛውን ግድግዳ ማለቱ እንደ ሆነ ሊጠየቅ ይገባዋል።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። የአልትራ ቫዮሌት ጨረር በየ1000 ሜትሩ 10 ከመቶ ያህል እንደሚጨምር ይገመታል። ዲላ 1570 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ የጌዴኦ ምድር ወደ አባያ ሐይቅ ባለው ወገን ዝቅ ይላል፣ በቡሌ በኩል ደግሞ ወደ 3000 ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ በአንድ ዞን ውስጥ፣ በአንድ ቀን ጕዞ የሚታይ የአየር ልዩነት አለ። ፍሎሪዳን መወዳደሪያ ያደረገ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ቍጥር ጠቅልሎ ያልፈዋል።

4. ሰሌዳው ግድግዳ አይደለም

በሣጥኑ ውስጥ የሚገባው ሰሌዳ ብዙ ጊዜ የለሰለሰ ብረት ወይም አሉሚኒየም ነው። በጌዴኦ ግን ብዙው ቤት በእንጨት ተማግሮ ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ የተመረገ ነው። ብረት ውኃ ከኋላው አይመጣበትም፤ የጭቃ ግድግዳ ግን ከመሠረቱ ወደ ላይ እርጥበት ይስባል። በላዩ ላይ ውኃ የማያሳልፍ የዘይት ቀለም ሲቀባ፣ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ቀለሙን ከኋላ ይገፋዋል፤ ቀለሙም ያብጣል፣ በመጨረሻም ይላጣል።

እዚህ ላይ ምንም መሣሪያ የማይጠይቅ አንድ መለኪያ እንመክራለን፤ የተላጠውን ቅርፊት ገልብጦ ጀርባውን ማየት ነው። በጀርባው አፈር ተጣብቆ ከተገኘ፣ የተሸነፈው ጭቃው ነው፤ ቀለሙ ይዞታውን አለቀቀም። ጀርባው ንጹሕ ከሆነ ቀለሙና ግድግዳው አልተያያዙም። በግድግዳውም በቅርፊቱም ላይ ቀለም ካለ፣ የተከፈለው ቀለሙ ራሱ ነው። አይ.ኤስ.ኦ. 4628 ክፍል 5 የተላጠውን ስፋትና የቅርፊቱን መጠን ያስቈጥራል፤ መላጡ እስከ የትኛው ንብብር እንደ ደረሰ መጻፍንም ይፈቅዳል። በተማሪ ጽሑፍ ላይ የሚቀረው ግን ብዙ ጊዜ ስፋቱ ብቻ ነው። ስፋቱ ብቻ ሲጻፍ ጥፋቱ ሁሉ በቀለሙ ላይ ይጫናል።

የሲሚንቶ ልስን ደግሞ ሌላ ችግር አለው። አዲስ ልስን ኀይለኛ አልካሊ ነው፤ የዘይት ቀለም ሲነካው ዘይቱ ወደ ሳሙናነት ይለወጣል፣ ቀለሙም ይለሰልሳል፣ ይጣበቃል፣ ይነሣል። ልስኑ ቢያንስ አራት ሳምንት ያህል እንዲደርቅ መተው ነበረበት። በዓል ደረሰ፣ ሠርግ ቀረበ ተብሎ እርጥብ ግድግዳ ሲቀባ የሚሆነው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው ነው። ላሜራና ቆርቆሮም እንዲሁ ናቸው፤ አዲስ የሚያብለጨልጭ፣ በዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ላይ የዘይት ቀለም በቀጥታ ሲቀባ በመካከላቸው የዚንክ ሳሙና ይፈጠራል፤ ቀለሙም ደርቆ እንደ ቅጠል ይረግፋል። በእነዚህ ሁሉ ቀለሙ በሣጥን ውስጥ 1000 ሰዓት መቆሙ ምንም አያድነውም።

የመጣበቅን ኀይል ለመለካት የተለመደው የአይ.ኤስ.ኦ. 2409 ዘዴ፣ ቀለሙን በስለት ስድስት ጊዜ ወደ አንድ ወገን፣ ስድስት ጊዜ ወደ ሌላው ወገን ሸርክቶ 25 ትናንሽ አራት ማዕዘኖችን መሥራትና ስንቱ እንደ ተነሣ ማየት ነው። ዘዴው ለለስላሳ ቀለም የተሠራ ነው፤ ከ250 ማይክሮን በላይ ለወፈረ ወይም ሸካራ ለሆነ ቅብ አይሆንም። በእጅ በተለሰነ የጭቃ ግድግዳ ላይ ስለቱ እንኳ በአንድ ጥልቀት አይሄድም። በዚህ ላይ የተገኘን ቍጥር በሠንጠረዥ ማስፈር ከንቱ ትክክለኛነትን ማሳየት ይሆናል።

ኖራም የራሱ ፍርድ ያስፈልገዋል። በኖራ የተለቀለቀ ግድግዳ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እጅን ያነጣል፤ በክፍል 6 ዘዴ ቢለካ ወዲያው ዝቅተኛውን ማዕረግ ያገኛል። ነገር ግን ኖራ እርጥበትን ያሳልፋል፣ አይላጥም፣ ዋጋውም ዝቅ ያለ ስለ ሆነ በየዓመቱ ይታደሳል። የዘይት ቀለም በተበየደበት ሚዛን ኖራን መመዘን፣ ኖራ የሚሠራውን ሥራ አለመጠየቅ ነው።

5. በእንሰት ጥላ ሥር

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ከተመዘገበባቸው ምክንያቶች አንዱ ሕዝቡ ትልልቅ ዛፎችን፣ እንሰትንና ቡናን በደርብ በደርብ አድርጎ አብሮ የሚያለማበት ጥበብ ነው። ለእኛ ጕዳይ ይህ ማለት ብዙው የገጠር ቤት የሚኖረው በጥላ ውስጥ ነው ማለት ነው። የብርሃን ሣጥኑ ግን ዋናው ጠላት ፀሐይ ናት ብሎ የተሠራ ነው።

በጥላ ሥር ላለው ግድግዳ ዋናው ነገር ከረጠበ በኋላ ሳይደርቅ የሚቈይበት ጊዜ ነው። ስለ ብረት ዝገት የተጻፉ መመሪያዎች የእርጥበት ጊዜ የሚሉትን የሚቈጥሩት አንጻራዊ እርጥበት ከ80 ከመቶ በላይ፣ ሙቀቱም ከ0 ዲግሪ በላይ የሆነባቸውን ሰዓቶች በመደመር ነው። ይህን ለመለካት ውድ መብራት አያስፈልግም፤ በግድግዳው አጠገብ የሚንጠለጠል አንድ የእርጥበትና የሙቀት መመዝገቢያ ይበቃል። ከእርጥበቱ ጋር ሻጋታና አረንጓዴ አልጌ ይመጣሉ። አይ.ኤስ.ኦ. 4628 ለእነዚህ የተለየ ክፍል የለውም፤ አይ.ኤስ.ኦ. 16492 የተባለው መመሪያ የወጣው በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ስለዚህ 4628ን ብቻ ይዞ ወደ ጌዴኦ ገጠር የሚሄድ ተማሪ፣ በዐይኑ ፊት የቆመውን አረንጓዴ ግድግዳ «ዝገት 0፣ ስንጥቅ 0፣ መላጥ 0» ብሎ ጽፎ ሊመለስ ይችላል።

በመንገድ ዳርም ተመሳሳይ ስሕተት ይደርሳል። የዱቄት መልቀቅን ለመለካት ተለጣፊ ፕላስቲክ በግድግዳው ላይ ተጭኖ ይነሣል፤ የያዘውም ዱቄት ከሥዕል ጋር ይነጻጸራል። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚያልፈው መንገድ አጠገብ በግድግዳ ላይ ያረፈው ቀይ አቧራ አብሮ ይነሣል። በነጭ ግድግዳ ላይ ቀዩን ከነጩ መለየት ይቻላል፤ በቡናማ ወይም በቀይ ግድግዳ ላይ ግን ዐይን ይታለላል። የክዳኑ ውኃ ያለ አሸንዳ መሬት ሲመታ የሚረጨው ጭቃ ደግሞ የግድግዳውን ግርጌ ይቀባዋል። ሰው ዞኮሎውን በጥቁር ቀለም የሚቀባው ይህንን ለመሸሸግ ነው። ለአንድ ግድግዳ አንድ ቍጥር መስጠት እነዚህን ልዩነቶች ያጠፋል። ቢያንስ ግርጌው፣ ወገቡና ከክዳን ሥር ያለው ክፍል ለየብቻቸው ሊለኩ ይገባል።

6. ስለ ቍጥሮቹ ስሌት

በብዙ የተማሪ ጽሑፍ ላይ የምናየው ሌላው ነገር የማዕረግ ቍጥሮችን ደምሮ ማካፈል ነው። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። በአይ.ኤስ.ኦ. 4628 ክፍል 3 የዝገት ማዕረግ 1 ማለት ከሰሌዳው 0.05 ከመቶ፣ ማዕረግ 2 ማለት 0.5 ከመቶ፣ ማዕረግ 3 ማለት 1 ከመቶ፣ ማዕረግ 4 ማለት 8 ከመቶ፣ ማዕረግ 5 ማለት ከ40 እስከ 50 ከመቶ ዝጓል ማለት ነው። ደረጃዎቹ እኩል አይራመዱም። እንግዲህ አንዱ ሰሌዳ 1፣ ሌላው 5 ቢያገኝ፣ አማካዩ 3 ነው የሚል ሰው «በአማካይ 1 ከመቶ ዝጓል» ማለቱ ነው። እውነተኛው የስፋት አማካይ ግን ቢያንስ 20 ከመቶ ነው። በዚህ ስሌት አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የብረት ምሰሶው ደኅና ነው ተብሎ ሊነገረው ይችላል።

በወዝ ልክም እንዲሁ ነው። የወዝ መለኪያው በ20፣ በ60 ወይም በ85 ዲግሪ ብርሃን ይወረውራል፤ ወዛም ቀለም በ20፣ ደብዛዛ ቀለም በ85 ዲግሪ መለካት አለበት። ደብዛዛውን የፕላስቲክ ቀለም በ60 ዲግሪ ብቻ ለክቶ «ወዙ አልቀነሰም» ማለት፣ ከመጀመሪያው ያልነበረውን ነገር አልጠፋም እንደ ማለት ነው። በመጨረሻም ዐይን ያዳላል። የሚገምተው ሰው የትኛው ውድ፣ የትኛው ርካሽ ቀለም እንደ ሆነ ካወቀ፣ ሳያስበው ለውዱ ይራራል። ስለዚህ ሰሌዳዎች በቍጥር ብቻ ሊታወቁና ቢያንስ በሁለት ሰዎች ተለይተው ሊገመቱ ይገባል።

7. ዱቄቱ ወዴት ይሄዳል?

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ስለ ግድግዳው ነበር። ከግድግዳው የወረደው ነገር ግን አልጠፋም፤ በደጅ አፈር ላይ፣ በመስኮት ደፍ ላይ፣ በሕፃናት መዳፍ ላይ አለ። ቢጫና ብርቱካናማ ቀለሞች፣ እንዲሁም ለብረት ዝገት መከላከያ የሚቀቡ አንዳንድ ቀለሞች፣ ለረጅም ዘመን በእርሳስ፣ ማለት ሊድ በሚባለው ብረት፣ ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በቀለም ውስጥ ሊኖር የሚችለውን እርሳስ በሚሊዮን 90 እጅ ላይ ወስኖታል። ደንቡ የሚመሰገን ነው፤ ዳሩ ግን ከእርሱ በፊት የተቀባው በርና መስኮት ዛሬም በቦታው ቆሟል፣ እያረጀም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጕዳት የማያደርስ ተብሎ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን እንደሌለ ይናገራል።

የተለመዱት መለኪያዎች በዚህ ረገድ ያለባቸው ጕድለት ከሁሉ የከፋ ይመስለናል። ክፍል 6 በግድግዳው ላይ የቀረውን ልቅ ዱቄት ይገምታል፤ ዝናብ አጥቦ የወሰደውን አይቈጥርም። ስለዚህ ብዙ ዱቄት የለቀቀ፣ ግን ትናንት በዝናብ የታጠበ በር፣ በመለኪያው «ንጹሕ» ይሆናል። ለቀለም ሠሪው ይህ በቂ መልስ ሊሆን ይችላል፤ በደጁ ለሚጫወተው ሕፃን ግን አይሆንም። በትምህርት ቤትና በመኖሪያ ቤት ላይ የሚደረግ ጥናት የቀለሙን ውፍረት በማይክሮን በየጊዜው በመለካት የጠፋውን መጠን ማስላት፣ ከግርጌውም አፈር ናሙና ወስዶ እርሳስ መኖሩን ማስመርመር ይኖርበታል። በዚህ ሥራ ላይ አሮጌን ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ እንደማይገባ፣ በእርጥብ ጨርቅ መሥራት እንደሚሻል ማሳሰብ እንወዳለን።

8. ሊደረግ የሚገባው

ሂሳችን ሣጥኖቹ ይጣሉ የሚል አይደለም። ቀለም ሠሪ አዲስ ድብልቅ ባወጣ ቍጥር ሦስት ዓመት ሊጠብቅ አይችልም የሚለውን ተቃውሞ እንቀበላለን። ነገር ግን በሣጥኑ ውስጥ ሁልጊዜ በጌዴኦ ሜዳ ጠባዩ የታወቀ አንድ መወዳደሪያ ቀለም አብሮ ይግባ፤ ያን ጊዜ ሰዓቱ ትርጕም ያገኛል። ይህም የሚሆነው የሜዳው ልክ አስቀድሞ ሲኖር ነው።

የሜዳው ልክ ከባድ ወጪ አይጠይቅም። ሦስት ቦታዎች እንመርጣለን፤ አንዱ ወደ አባያ በሚወርደው ቈላ፣ አንዱ በዲላ፣ አንዱ በቡሌ ደጋ። በየቦታው ናሙናዎች እንደ ግድግዳ ቀጥ ብለው በአራቱም ማዕዘን ይቁሙ። ለመጀመሪያው ጊዜ ሁለት ዐይነት መሠረት፣ ማለት የተለሰነ ጭቃና በዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ፣ ይበቃሉ፤ ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ቢደረግ ለአንድ ቀለም 48 ናሙናዎች ይሆናሉ። ተጨማሪ ጥቂቶች በጨለማና በደረቅ ቦታ ይቀመጡ፤ ያለ እነርሱ ለውጡ ከአየር ይሁን ከጊዜ አይታወቅም። ልኩ በዓመት ሦስት ጊዜ ይወሰድ፤ በየካቲት መጨረሻ ከደረቁ ወራት በኋላ፣ በሰኔ መግቢያ ከዋናው ዝናብ በኋላ፣ በኅዳር ከሁለተኛው ዝናብ በኋላ። በየጊዜውም ውፍረት፣ ወዝ፣ ዱቄት፣ ሻጋታ፣ የተላጠው ስፋትና የቅርፊቱ ጀርባ ይመዝገብ።

ተማሪ ይመጣል ይሄዳል፣ ማን ይከታተለዋል? የሚል ሌላ ጥያቄ ይነሣል። የእንዲህ ያለ መጽሔት ጥቅም የሚታየው በዚህ ላይ ነው። ያልተጠቃለለው ሠንጠረዥ፣ ናሙናው በቍጥሩ እየተጠራ፣ በየዓመቱ ከታተመ፣ የዛሬው ተማሪ የጀመረውን ከአራት ዓመት በኋላ የሚመጣው ተማሪ ከቆመበት ሊቀጥለው ይችላል። አንድ ተማሪ በአንድ መንፈቀ ዓመት የሚጨርሰው ጥናት በሣጥን ሰዓት ከመመካት ሌላ ምርጫ የለውም፤ በተራ የሚጻፍ መዝገብ ግን ዝናቡን ሊጠብቅ ይችላል።

እስከዚያ ድረስ አንባቢያችን በአንድ የቀለም ጽሑፍ ላይ የሰዓት ቍጥር ባገኘ ጊዜ አራት ነገሮችን እንዲጠይቅ እናሳስባለን፤ በምን ላይ ተቀብቶ ነበር? ውኃው ጤዛ ነው ወይስ የሚያጥብ ዝናብ? የትኛው ጕዳት ተለካ፣ የትኛውስ ሳይለካ ቀረ? ከየትኛው የታወቀ ቀለም ጋር ተወዳደረ? ለእነዚህ መልስ የሌለው ቍጥር፣ የዲላ ነዋሪ ቤቱን በየትኛው ቀለም ያስቀባ እንደ ሆነ ለመምረጥ አይረዳውም። የሙከራው አጥር በተተከለ ጊዜ የመጀመሪያው ሠንጠረዥ በእነዚሁ ገጾች እንዲወጣ አሳባችንን እናቀርባለን።